በነቀምቴ የቀሩ የቀድሞ ነጋዴዎች ቤቶች

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ወለጋ ወርደን ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፎ ከጌዶ ደጋ ወደ ባኮ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በሲሬ በኩል እንደ ገና ሽቅብ ይወጣና ነቀምቴ ይገባል። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ዘመን ማለዳ የተነሣ ሰው ለማታ ይደርሳል፤ በአያቶቻችን ዘመን ግን ጭነት የያዘ ነጋዴ ሁለት ሳምንት ያህል በመንገድ ያድር ነበር። ይህንን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልንናገርላቸው ያሰብናቸው ቤቶች የተሠሩበት ምስማርና ቆርቆሮ የመጣው በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ስለ ሆነ ነው።

ነቀምቴ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የወለጋ ዝናብ እንደ ሸዋ ዝናብ በነሐሴ በርትቶ በመስከረም የሚሰናበት አይደለም፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይቈያል። በነቀምቴ በዓመት የሚወርደው ውሃ 2000 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የአዲስ አበባውን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ከአውቶቡስ እንደ ወረድን ሮጠን የገባነው ከአንድ አሮጌ ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር። በዚያም ዐሥር የሚያህሉ ሰዎች፣ ሁለት የትምህርት ቤት ልጆችና አንዲት ፍየል ተጠልለው አገኘን። ባለሱቁም ሆነ ሌላ ሰው «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀን የለም። ዝናቡ እስኪያባራ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን፤ በዚያም ጊዜ ከራሳችን በላይ ያለውን የበረንዳ ክዳን ስንመለከት፣ ይህን ያህል ወርዱ የሰፋ በረንዳ በአዲስ አበባ ብዙ እንዳላየን አስተዋልን።

የተላክንበት ጉዳይ አጭር ነው። ባኬ ጃማ በሚባለው የከተማው ክፍል ከአያት የወረደ አንድ የሱቅ ቤት አለ። ወራሾቹ ሦስት ናቸው፤ አንዲቱ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ወይዘሮ ሲሆኑ፣ ሁለቱ የሟች ወንድማቸው ልጆች ናቸው። ከወንድማማቾቹ አንዱ የሚኖረው በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ ክርክሩ እኛ በምናገለግልበት ፍርድ ቤት ይታያል። ዳኛው ቤቱ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ ብለው ከመፍረዳቸው በፊት፣ ቤቱ ምን እንደ ሆነ በዝርዝር ተጽፎ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ዝርዝሩንም የሚጽፍ እኛ ሆንን። ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ ቤት ሲሸጥ የሚገዛው ሰው ቦታውን ይፈልጋል እንጂ ግድግዳውን አይፈልግም፤ ስለዚህ መሸጥ ማለት ማፍረስ ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ ቤቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ከተማው ጥቂት ማለት ይገባናል።

ነቀምቴ የሌቃ ነቀምቴ ገዦች መቀመጫ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በከሬ ጎዳና፣ ከርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ሞረዳ በከሬ አገሩን ገዙ። በ1874 ዓ.ም.፣ በእምባቦ ጦርነት ዘመን፣ ሞረዳ በራስ ጎበና ዳጬ በኩል ለንጉሥ ምኒልክ ገብተው፣ ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው። ከርሳቸው በኋላ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ ተተኩ፤ ስመ ጥምቀታቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ማዕረጋቸውም ደጃዝማች ነበር። በስማቸው የሚጠራው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ድረስ በከተማው ቆሟል። በግቢው ካሉት ቤቶች መካከል ፎቅና የእንጨት በረንዳ ያለውን ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በከተማው የተሠሩት የነጋዴ ቤቶች በረንዳቸውን ከማን እንደ ተማሩ ሊገምት ይችላል። ግምት ነው፤ ጽሑፍ አላገኘንለትም።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ግን የወለጋ ገበያ ግድግዳ አልነበረውም። በሌቃ የነበረው የቢሎ ገበያም ሆነ የጉድሩው አሰንዳቦ ስማቸው እስከ ጎንደርና እስከ ምጽዋ የተሰማ ትልልቅ ገበያዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሜዳ ነበሩ። ባኬ የሚለው የኦሮምኛ ቃል ራሱ ሜዳ፣ ገላጣ ስፍራ ማለት ነው። አፍቃላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎችና ከሰሜን የሚወርዱት ጀበርቲዎች በገበያ ቀን ሜዳው ላይ ይሰፍሩ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ማርና ቡና ከዚያ ይገዛል፤ አሞሌ ጨው፣ አቡጀዲና ዶቃ ከዚያ ይሸጣል፤ ሲመሽም ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል። በማግስቱ ሜዳው ላይ የሚቀረው ፋንድያና የእሳት አመድ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህ ተንቀሳቃሽ ገበያ ስለ ምን ተቀመጠ? ስለ ምንስ መዝጊያና ቍልፍ አበጀ? ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሥልጣኔ ስለ መጣ» ብለው ያልፉታል። እኛ ግን ይህ መልስ አይበቃንም፤ ምክንያቱን በቡናና በወንዝ ዘንድ ያገኘነው ይመስለናል።

በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተፈቀደ። ጣቢያው ከሁለት ዓመት በኋላ በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች በኋላም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከደጋው ወደ ጋምቤላ እየወረደ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ነገር ግን መርከቡ ወደ ጋምቤላ የሚወጣው ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ቡናው ደግሞ የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ቡናውና መርከቡ አይገናኙም፤ በመካከላቸው ግማሽ ዓመት ያህል አለ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቡናው ከዝናብ፣ ከአይጥና ከሌባ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። ሜዳ ይህን ሊያደርግ አይችልም። መጋዘን የተፈለገው ለዚህ ነው፤ መጋዘን ያለው ሰው ደግሞ ከፊቱ ሱቅ ቢከፍት ምን ይጎዳዋል?

በሌላው አቅጣጫ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክም በኋላ ጊዜ በጎሬ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላም ወኪል እስከ ማቆም ደርሶ ነበር። ግሪኮች፣ ሶርያውያንና አርመኖች ወደ ምዕራብ ወርደው ቡና መግዛት ያዙ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ቆርቆሮና ምስማር፣ ላምባና መስተዋት እስከ ዋናው ከተማ ድረስ በርካሽ ስለ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የሚሸከም ሰውና በቅሎ ብቻ ያስፈልግ ነበር። ቆርቆሮ ለበቅሎ የማይመች ሸክም ነው፤ ወርዱ ሰፊ ስለ ሆነ ነፋስ ይይዘዋል፤ ሲንኳኳም በቅሎዋን ያስበረግጋታል። በባኬ ጃማ ያገኘናቸው ወይዘሮ ከአያታቸው እንደ ሰሙት፣ ለቤታቸው የመጣው ቆርቆሮ ከግማሽ የሚበልጠው የተጓጓዘው በሰው ሸክም ነበር፤ ሁለት ሰዎች እንደ ቃሬዛ ከፊትና ከኋላ ይዘው፣ ዝናብ ሲመጣም ከሥሩ እየተጠለሉ መጡ ይባላል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ቤቱን ያሠሩት የወይዘሮዋ አያት ናቸው፤ ዘመኑም ባቡር አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው ይላሉ፤ እንግዲህ 1912 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ ርዝመቱን ብንለካው 14 ሜትር ከ20 ሆነ። ከመሬት ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው እንጨት ተማግሮ በጭቃና በጤፍ ጭድ የተመረገ ሲሆን፣ ውፍረቱ አንድ ክንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በላዩ ላይ ኖራ ስንት ጊዜ እንደ ተቀባ የሚያውቅ የለም፤ በአንድ ጥግ በተላጠበት ቦታ ብንቈጥረው ከሰባት በላይ ልባስ አገኘን፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ ሰማያዊ ነበሩ።

አገሩ ይህን መሰል ቤት ከመልመዱ በፊት የሰው ሁሉ ቤት ክብ ነበር። ክብ ጎጆ ለመኖሪያ እጅግ መልካም ነው፤ ሙቀት ይይዛል፤ ነፋስ አይጥለውም። ለሱቅ ግን አይሆንም። ክብ ቤት ፊት የለውም፤ ሁለት ክብ ቤቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል እንጂ አይጋጠሙም። ነጋዴው ግን ዕቃውን ለመንገደኛ የሚያሳይበት ቀጥ ያለ ፊት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰቀላ ቤት ሠራ፤ ጎረቤቱም ከግድግዳው አጠገብ ሌላ ሰቀላ ሠራ፤ እንዲህ እየሆነ ቤቶቹ ሲሰለፉ በፊታቸው ያለው ባዶ ቦታ መንገድ ሆነ። በብዙ ከተማ መንገዱ አስቀድሞ ተቀይሶ ቤቱ በኋላ የተሠራ ይመስለናል፤ በወለጋ ከተሞች ግን መንገዱን ያወጣው ሱቁ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

በረንዳው ሁለት ሜትር ከ10 ይሰፋል፤ ስድስት ምሰሶዎች ይሸከሙታል። የክዳኑን ጠርዝ የሚከብበው ሳንቃ እንደ ነጠላ ጥለት ተፈልፍሎ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ እንዲህ ያለው ጌጥ በአዲስ አበባ አራዳ በአርመኖችና በሕንዶች እጅ ከተሠሩት ቤቶች ላይ የታየ ነው። ይህ ግን የተሠራው በአገሩ አናጢ ነው፤ ጥለቱን አንድ ያህል አድርጎ መፈልፈል ስላቃተው ወይም ስለ ሰለቸው፣ ከግራ በኩል የጀመረው አበባ ወደ ቀኝ ሲደርስ ቅጠል ሆኗል። እኛ በዚህ ስሕተት እጅግ ደስ አለን። በረንዳው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ገዥው ከነበቅሎው ከዝናብ የሚጠለልበት፣ ቡና የሚመዘንበት፣ ክርክር የሚሰማበትና የመንገድ እንግዳ የሚያድርበት ነው። የሕግ ሰው ሆነን ስንመለከተው፣ ይህ ቦታ የባለቤቱ ነው ወይስ የሕዝቡ ብሎ መወሰን ይቸግራል፤ ባለቤቱ ሠራው፤ ነገር ግን ማንንም ከዚያ ሲያስነሣ አልታየም።

ወደ ሱቁ የሚያስገቡት ደጆች ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ባለ ሁለት መዝጊያ ሆነው ከዋንዛ የተሠሩ ናቸው። ከውስጥ በኩል መወርወሪያ አላቸው። በመካከለኛው ደጅ መቃን ላይ ከጉልበት እስከ ደረት ድረስ በቢላዋ የተቈረጡ ጥቃቅን መስመሮች አሉ፤ በዐምስት በዐምስት ተከፍለው ተደርድረዋል። የወይዘሮዋ አያት ማንበብ አያውቁም ነበርና፣ የገባውን ቡና ፈረሱላ በዚህ ይቈጥሩ ነበር። ልጃቸው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ከቈጠረ በኋላ ግን የሒሳብ መዝገብ ተጀመረ፤ መስመሮቹም ደረት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1891 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ መጥተው ማስተማራቸውን አንባቢ ያውቃል፤ ትምህርት እስከ ሱቅ ደጃፍ ድረስ መድረሱን ግን እኛ በዚህ መቃን ላይ አየነው።

ከሱቁ በስተኋላ መጋዘኑ አለ። ወለሉ ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ብሎ ሳንቃ የተነጠፈበት ነው፤ ከሥር ነፋስ እንዲገባ በመሠረቱ ላይ ቀዳዳዎች ተተውለታል። ስድስት ወር ሙሉ መርከብ የሚጠብቅ ቡና የተቀመጠው በዚህ ነው። ዛሬ በውስጡ የሚገኘው የፕላስቲክ ወንበርና የተሰበረ አልጋ ነው፤ ነገር ግን ሳንቃው ሲረገጥ አሁንም የቡና ሽታ ያወጣል፤ ወይም እንዲህ መሰለን።

በሱቁና በጓዳው መካከል ያለው ግድግዳ ላይ ከክንድ የማትበልጥ ትንሽ መስኮት አለች። ይህች መስኮት ከሁሉ ይልቅ አሳሰበችን። ባልየው ለቡና ግዢ ወደ ገጠር ሲወጣ ሱቁን የምትጠብቀው ሚስት ነበረች፤ ወጥ እየሠራች፣ ልጅ እያጠባች፣ በዚህች መስኮት ደንበኛውን ታይ ነበር። «አያቴ ሱቅ ውስጥ ቆማ አታውቅም፤ ነገር ግን ሱቁን የያዘች እርስዋ ነበረች» አሉን ወይዘሮዋ። ሱቅና ቤት በአንድ ክዳን ሥር መሆናቸው ለነጋዴ ቤተ ሰብ ምን ማለት እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አናገኝም። ልጆቹ ሒሳብ የተማሩት ከሚዛኑ ሥር ነው። የታመመ ሰው የሚተኛው ከቡናው ጆንያ አጠገብ ነው። ሙሽራ የወጣችው በመካከለኛው ደጅ ነው፤ ሬሳም የወጣው በዚያው ነው። ያን ዕለት ብቻ ሱቁ ተዘግቶ ይውል ነበር ይባላል።

ከዚህ በኋላ ስለመጣው ዘመን በአጭሩ እናልፋለን። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ወደ ነቀምቴ የመኪና መንገድ ሠራ፤ ሲሚንቶም አስለመደ። ባንኮኒ የሚለው ቃልም ወደ ሱቆቻችን የገባው ከቋንቋው ነው። መኪናው በሁለት ቀን ቡናውን አዲስ አበባ ሲያደርስ መጋዘኑ ሥራ ፈታ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ይሁኑ የሚል ዐዋጅ ሲወጣ፣ ከዚህ መንገድ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ይህኛው ግን ቤተ ሰቡ የሚኖርበት ስለ ነበረ ቀረለት። በቀበሌ የገቡት ቤቶች ኪራያቸው ጥቂት ስለ ሆነ የሚጠግናቸው አልተገኘም፤ ደግሞም ማንም ሊያፈርሳቸው ሥልጣን ስላልነበረው እስከ ዛሬ ቆዩ። ቸልታ ያቆያቸውን ቤቶች ዛሬ ትጋት ሊያፈርሳቸው መጣ ብንል የሚቀየመን ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው። በአዲስ አበባ እንኳ የአራዳን ሰፈር ያየ ይህን አይስተውም። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ከተማው ሁሉ አዘነ፤ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለመንገድና ለልማት ሲነሡ ደግሞ፣ በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ መቃኑን የተመለከተ ጸሐፊ መኖሩን አልሰማንም።

ከዚህ ቀደም በሌላ ጉዳይ የዴዴሳን ወንዝ ተሻግረን ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ሄደን ነበር። በጊምቢ ሱቆቹ በተዳፋት ላይ ስለ ተሠሩ፣ ከፊት አንድ ደርብ የሆነው ቤት ከኋላ ሁለት ደርብ ሆኖ ይገኛል፤ መጋዘኑ ከሥር፣ ሱቁ ከላይ ነው። ደምቢ ዶሎ ደግሞ በወርቅ አንጥረኞቹ የታወቀ ነው፤ የአንጥረኛ ሱቅ ጠባብና ጨለም ያለ ሲሆን፣ ብርሃን የሚገባው እጁ ላይ ብቻ ነው። ስለ እነዚህ ሌላ ጊዜ እንጽፍ ይሆናል።

አሁን የራሳችንን በደል እንናገር፤ ይህንን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን እርሱ ነውና። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ስሙን በማንጠቅሰው ከተማ፣ እንዲሁ ለውርስ ክርክር አንድ የሱቅ ቤት እንድንዘረዝር ታዝዘን ነበር። ዕለቱ ዐርብ ነበር፤ ለመመለስ ቸኵለናል። በመዝገቡ ላይ «አሮጌ የጭቃ ቤት፤ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ፤ ግምቱ ዝቅተኛ» ብለን ጽፈን ፈረምን። ዳኛውም ከጽሑፋችን በቀር የሚያዩት ስላልነበረ ቤቱ እንዲሸጥ ወሰኑ። በሁለት ወር ውስጥ ፈረሰ። ሦስቱ ወራሾች ቆርቆሮውን ሊካፈሉ ሲቈጥሩ 64 ሆነ፤ ሃያ አንድ ሃያ አንድ ተካፍለው አንዱ ተረፈ፤ በዚያ በአንዱ ቆርቆሮ ተጣልተው እንደ ገና ወደ እኛ መጡ። ያን ጊዜ ከወራሾቹ አንዱ ለማስረጃ ይዞት የመጣውን የቤቱን ፎቶግራፍ አየን። ባለ ስምንት ምሰሶ በረንዳ ነበረው፤ ከበላዩም የሠሪው ስምና ዘመኑ በሳንቃ ላይ ተቀርጾ ይታያል፤ ፎቶግራፉ ስለ ደበዘዘ ግን ሊነበብ አልቻለም። እኛ በዚያ በረንዳ ሥር ቆመን ነበር፤ ቀና ብለን ግን አላየንም።

ስለዚህ በነቀምቴ ለአንድ ቀን ሥራ ሄደን አራት ቀን ቈየን። የአገሩ ፍርድ ቤት የሰጠን ባልደረባ ሜትሩን ይይዝልናል፤ እኛ እንጽፋለን። ከወራሾቹ ታናሹ፣ በዚያው በነቀምቴ የሚኖረው፣ በሁለተኛው ቀን መጥቶ ቆሞ ተመለከተን። መምህር ነው፤ አራት ልጆች አሉት፤ በኪራይ ቤት ይኖራል። «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ የሚጽፉት አዳዳ ከቤቱ እንዳትወጣ ነው?» አለን። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እኅት ናት። እኛም ለማንም ወገን እንደማንጽፍ፣ ያየነውን ብቻ እንደምንጽፍ ነገርነው። «ታዲያ ክዳኑ እንደሚያፈስም ይጻፉ» አለ። ልክ ነበር፤ ሱቁ ላይ በሦስት ቦታ፣ ጓዳው ላይ በሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ጻፍነው። የኋላው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ማዘንበሉንም ጻፍን። ሱቁን የተከራየው ልጅ የእጅ ስልክ ዕቃ እንደሚሸጥ፣ ኪራዩም ለወይዘሮዋ መተዳደሪያ እንደ ሆነ ጻፍን። መምህሩም የቤት ኪራዩን ደረሰኝ አውጥቶ አሳየን፤ ይህ ግን የቤቱ ዝርዝር ስላልሆነ በመዝገቡ ልናገባው አልቻልንም። የርሱ ችግር እውነተኛ ነው። የቤቱ መልካምነት የልጆቹን ጫማ አይገዛም፤ ይህንንም ሳንሸፋፍን መናገር አለብን።

በአራተኛው ቀን ማታ ጽሑፉ 11 ገጽ ሆነ። ከእኛ በፊት በዚህ ዓይነት ጉዳይ የተጻፉት ዝርዝሮች አንድ ገጽ እንኳ አይሞሉም፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ሲያየው ምን እንደሚል እናውቃለን። ወይዘሮዋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና እያፈሉ ነበር። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከኦሮሞ ልጆች ጋራ ስለ ተማርን፣ ጽሑፉን በቋንቋቸው እየተረጐምን አነበብንላቸው። ስለ በረንዳው ስናነብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ መቃኑ መስመሮች ስናነብ ፈገግ አሉ። «ወደ ሱቁ የሚያስገቡ ደጆች ሦስት» ስንል ግን እጃቸውን አነሡ።

«አራት ናቸው፣ ልጄ» አሉን።

እኛም በዐይናችን ያየነው ሦስት መሆኑን፣ አራት ቀንም ስንወጣና ስንገባ መክረማችንን ነገርናቸው።

«እናቴ በልጅነቴ አስመረገችው» አሉ። «በስተ ግራ በኩል፣ ከመደርደሪያው ኋላ። ቅቤና ማር የሚያመጡ ሴቶች በወንዶቹ ፊት እንዳያልፉ አያቴ ያስከፈተችው ነው። የሴቶቹ ገንዘብ በዚያ ይገባ ነበር፤ አያቴ ወንዱ አልጻፈውም።»

ባልደረባችንን ጠርተን ፋኖስ ይዘን ሄድን። ልጁ የስልኮቹን መደርደሪያ ከግድግዳው አራቀልን። በጣታችን አጥንት ግድግዳውን እየመታን ስንሄድ በአንድ ቦታ ድምፁ ተለወጠ። ከኖራው በላይ መቃኑ እንደ ጅማት ትንሽ አበጥ ብሎ ይታያል፤ ወርዱ 72 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ60 ሆነ። ቀለም አምጥተን ሦስት ያልነውን ሰረዝን፤ በኅዳጉም «አራት፤ ከእነርሱ አንዱ የተመረገ፤ የሴቶች መግቢያ የነበረ» ብለን ጻፍንና ፊርማችንን አደረግን። ጉዳዩ ለኅዳር 18 ቀን ተቀጥሯል።